ሙዚቃ ሰውነትን ሲያውክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ጆሮዬ ለምዶታል፣ አሁን አያመኝም»

ብዙ ሰው የሚጎዳው ይህን ብሎ ነው። ጆሮ ጩኸት አይለምድም፤ ይደክማል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፣ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ገደማ። የደከሙት ካረፉ ያገግማሉ፤ የሞቱት ግን አይተኩም። ለሥራ ቦታ የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ለ8 ሰዓት ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። መለኪያ ባይኖርም ማወቅ ይቻላል። ከሜክሲኮ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ ስፒከሩ ከጭንቅላትዎ ጀርባ ሆኖ፣ አጠገብዎ ካለው ሰው ጋር ለማውራት መጮህ ካስፈለገዎት 85 ታልፏል። ረዳቱን «ትንሽ ቀንስልን» ማለት ነውር የለውም። ወርደው ጆሮዎ ጭው ካለና በማግስቱም ካልተወዎት፣ በተለይ አንዱ ጆሮ መስማት ከቀነሰ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

«የሚያመው ስለጮኸ ብቻ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ፒያሳም ሆነ መርካቶ ሱቅ ደጃፍ ላይ የተተከለ ስፒከር ከአቅሙ በላይ ሲከፈት የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፣ ከዘፈኑ ውስጥ ያልነበረ ሻካራ ቀጭን ድምፅም ይወልዳል። የሰው ጆሮ ደግሞ በጣም ንቁ የሚሆነው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ባለው በዚሁ ክልል ነው። ጥርስ የሚያፋጨው፣ ራስ የሚያሳምመው እሱ ነው። ባለ ሱቁ መሻከሩ እስኪጠፋ ቮልዩሙን ዝቅ ያድርግ፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ይቀንስ፣ ስፒከሩም ከአላፊ አግዳሚው ጆሮ ትይዩ እንዳይሆን ቦታውን ይቀይረው።

«ቤዙ ደረቴን የሚመታው ልቤን ስለነካው ነው»

የሚንቀጠቀጠው አየር የሞላው ደረት ነው። ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ጥግና ግድግዳ ላይ ስለሚበረታ ከዚያ ይራቁ። ድምፅ ሲሰሙ ዙሪያው የሚሽከረከርብዎት ከሆነ ግን ይመርመሩ።

«ጥጥ መወተፍ ይበቃል»

አይበቃም፤ በተለይ ቤዝን አያቆምም። የስፖንጅ መድፈኛ ይሻላል፦ በጣት አጥብቀው ያድቦልቡሉት፣ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበው ያስገቡት፣ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ይያዙት።

«ዘፈን ሰምቶ የሚወድቅ ዛር አለበት»

በሙዚቃ የሚቀሰቀስ የሚጥል በሽታ አለ፤ ብርቅ ቢሆንም በሕክምና ስም ካገኘ ቆይቷል፣ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ብዙ ጊዜ ቀስቃሹ ጩኸቱ ሳይሆን አንድ የተወሰነ ዜማ ነው። መውደቅ ላይኖርም ይችላል፦ ዓይን ይፈዛል፣ አፍ ባዶውን ያላምጣል፣ እጅ ልብስ ይነካካል፣ ሲጠሩትም አይመልስም። ክብሪት ማሽተትና ቁልፍ ማስያዝ ምንም አይረዳም፤ አፍ ውስጥም ምንም አይጨመርም። ሙዚቃውን ያጥፉ፣ በጎኑ ያስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ ሰዓት ይያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ይውሰዱት። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ። ለነርቭ ሐኪሙ የትኛው ዘፈን እንደነበረ ይንገሩ፤ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ ደግሞ ያሳዩት።