ካርታው አሁን ምን ያሳይ? ሌየር ማብራትና ማጥፋት በካርታ ትረካ

የዓድዋን ጦርነት በድረ ገጽ ካርታ ልትተርኩ ነው እንበል። በእጃችሁ ያለው ብዙ ነው፦ የምኒልክ ጦር ከአዲስ አበባ ተነስቶ በወረኢሉ በኩል የተጓዘበት መንገድ፣ አምባ አላጌ፣ መቀሌ፣ አራቱ የጣሊያን ብርጌዶች፣ ተራሮቹ፣ በዚያ ላይ ደግሞ የዛሬው አስፋልትና የዛሬው የከተማ ስም። ሁሉንም በአንዴ ብትዘረግፉት አንባቢው የሚያየው ቀለም የተደፋበት ወረቀት ነው። ሥራው ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ አሁን የቱ ይብራ፣ የቱ ይጥፋ?

ሌየር ማለት አንድ ዓይነት መረጃ ብቻ የያዘ የካርታ ንብርብር ነው። ወንዞቹ አንድ ሌየር፣ መንገዶቹ ሌላ፣ የጦር ሰፈሮቹ ሌላ። ሐሳቡ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። ካርታ ሠሪዎች ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት እየደራረቡ ይሠሩበት ነበር፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ሮጀር ቶምሊንሰን ካናዳ ውስጥ ወደ ኮምፒውተር አስገባው።

በድረ ገጽ ላይ ቀላሉ መንገድ ሊፍሌት ነው። ዩክሬናዊው ቮሎዲሚር አጋፎንኪን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ነጻ የኮድ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚወሰድ የኮድ ስብስብ ነው። ካርታው ጥግ ላይ አንድ ሳጥን ያስቀምጥላችኋል። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። ከስር የሚነጠፈው መሠረታዊ ካርታ በክብ ቁልፍ ይመረጣል፣ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል፤ ከላይ የሚደረቡት ደግሞ ራይት በሚደረግባቸው ሳጥኖች ይመረጣሉ፣ የፈለጉትን ያህል አብረው ይበራሉ። ለመረጃ ካርታ ይህ ይበቃል። ለትረካ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ታሪኩን ገና የማያውቅ አንባቢ የትኛውን ሳጥን መቼ እንደሚነካ ከየት ያውቃል? ማብሪያና ማጥፊያውን መጀመሪያ ተራኪው ነው መያዝ ያለበት።

እንደ ሊፍሌት በድረ ገጽ ላይ ካርታ የሚሠሩት ማፕቦክስ ጂኤል እና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ፈቃዱ ሲቀየር ከእሱ ተገንጥሎ የወጣው ማፕሊብሬ፣ አንድን ሌየር ከዓይን ለማራቅ ሁለት መንገድ ይሰጣሉ። አንዱ ጨርሶ ማጥፋት ነው። ሌላው ሌየሩ እንደበራ ድምቀቱን ወደ ዜሮ ማውረድ ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፤ በሥራ ግን በጣም ይለያያሉ። ጨርሶ ሲጠፋ ብልጭ ብሎ ነው የሚሄደው። ድምቀቱ ሲወርድ ግን ቀስ ብሎ ይደበዝዛል፣ ለትረካ ደግሞ የሚያምረው ይሄኛው ነው። ችግሩ ደብዝዞ የጠፋ ሌየር ለጣት አሁንም አለ፤ አንባቢው ባዶ የመሰለውን ቦታ ሲነካ የማያየው ነገር መግለጫ ሊከፈትበት ይችላል። በዚያ ላይ የድረ ገጽ ካርታ ከኢንተርኔት የሚወርደው በትንንሽ ቁርጥራጭ ስለሆነ፣ የሌየሩ ቁርጥራጮች ባይታዩም ይወርዳሉ። በሞባይል ዳታ ለሚያነብ ሰው ይህ ገንዘብ ነው። በሌላ በኩል ጨርሶ የጠፋ ሌየር ቁርጥራጮቹን ማውረድ የሚጀምረው ሲበራ ስለሆነ፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ ታሪኩ ወሳኝ ቦታ ሲደርስ ካርታው ባዶ ሆኖ ያስጠብቃል። እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው፦ ለሚቀጥለው ምዕራፍ የሚያስፈልገውን ብቻ በዜሮ ድምቀት ቀድሞ መጫን፣ የቀረውን ጨርሶ ማጥፋት።

ትረካው ብዙ ጊዜ የሚሄደው በስክሮል ነው፤ አንባቢው ገጹን ወደ ታች ሲገፋ ታሪኩ ይቀጥላል። ማፕቦክስ በነጻ የለቀቀው የትረካ አብነት እያንዳንዱን ምዕራፍ ከአንድ የካርታ እይታ ጋር ያስራል፤ ምዕራፉ ሲገባ የትኛው ሌየር በምን ያህል ድምቀት እንደሚታይ፣ ሲወጣም ምን እንደሚሆን ይጻፍለታል። ኮድ መጻፍ ለማይፈልግ ደግሞ አርክጂአይኤስ ስቶሪማፕስ አለ፣ በየስላይዱ ሌየሮቹን መርጦ ማብራትና ማጥፋት ይቻላል።

ወደ ዓድዋ እንመለስ። መቀሌ ላይ ስትደርሱ የጉዞውን መስመር አጥፉት፤ የጣሊያኖቹ ምሽግና እቴጌ ጣይቱ ያስያዙት የውሃ ምንጭ ብቻ ይቅሩ። ሁለት ነጥብ ይበቃል፤ ምሽጉ ለምን እንደተለቀቀ አንባቢው ራሱ ያየዋል። ከዚያ የየካቲት 23 ቀን 1888 ዋዜማ ሌሊት ይመጣል። የጣሊያን ጦር መሪ ጄኔራል ባራቲየሪ ለአዛዦቹ የሰጠው ንድፍ ካርታ አንዱን ኮረብታ ኪዳነ ምሕረት ብሎ ይጠራዋል፤ የአካባቢው ሰው በዚያ ስም የሚያውቀው ግን ራቅ ብሎ ወደፊት ያለውን ነው። ከአራቱ ብርጌዶች የአንዱ አዛዥ አልቤርቶኔ መንገድ መሪዎቹን ተከትሎ ወደ ሁለተኛው ገፋ፣ ብርጌዱም ከሌሎቹ ተነጥሎ ቀረ። እዚህ ላይ መጀመሪያ የባራቲየሪን ንድፍ ብቻ አብሩ። አንባቢው ባራቲየሪ ያየውን ይይ። ቀጥሎ ንድፉን ሳታጠፉ አደብዝዙትና እውነተኛውን መልክዓ ምድር ከስር አውጡት፤ አንድ ስም ሁለት ቦታ ላይ ይታያል። ይህን በጽሑፍ ብቻ ለማስረዳት ገጽ ሙሉ ያስፈልጋል።

ብዙ የካርታ ትረካ የሚበላሸው አንባቢው ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። ምዕራፍ አራት ያበራውን ምዕራፍ አምስት ሲያጠፋ፣ ወደ ላይ ሲመለሱ ማን መልሶ ያብራው? በፍጥነት የሚያልፍ አንባቢም አለ። መፍትሔው እያንዳንዱ ምዕራፍ የሁሉንም ሌየር ሁኔታ፣ የበራውንም የጠፋውንም፣ ከራሱ ጋር ይዞ እንዲገባ ማድረግ ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን ያድናል። የቀለም መፍቻውም አብሮ ይቀየር፤ የሌለ መስመር የሚተረጉም መፍቻ አንባቢን ያስታል።

በአማርኛ ለምንሠራ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ማፕቦክስ ጂኤል የቦታ ስሞችን የሚጽፈው አስቀድሞ ከተዘጋጀ የፎንት ፋይል ነው። የመረጣችሁት ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ሌየሩ በርቶም ስሙ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሠራል። ሊፍሌት ላይ በተራ ጽሑፍ የሚጨመሩ ስሞች ግን የስልኩን ፎንት ስለሚጠቀሙ ብዙም አያስቸግሩም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሲያልቅ የሌየር ሳጥኑን ለአንባቢው ክፈቱለት። አሁን ታሪኩን ያውቃል፣ ራሱ ያብራ፣ ራሱ ያጥፋ። በሳጥኑ ውስጥ ግን «ሌየር 3» ብላችሁ አትተዉት፤ «የአልቤርቶኔ ብርጌድ» በሉት።