የተፈጥሮ ምርጫ ሲሙሌሽን ምንድን ነው? የእሳት እራቶች በኮምፒውተር ውስጥ

ባጭሩ፣ የሌሉ ፍጥረታትን ኮምፒውተር ውስጥ እያራባችሁና እየገደላችሁ ማን እየበዛ፣ ማን እየጠፋ እንደሚሄድ የምታዩበት ፕሮግራም ነው። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን የሚሞተው ቁጥር ብቻ ነው።

ለጀማሪ ከሚሰጡት ምሳሌዎች ዋናዋ የእንግሊዟ የእሳት እራት ናት፣ በሳይንሱ ስም ቢስተን ቤቱላሪያ። ነጭ ክንፏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አላት። ቀን ቀን ዛፍ ላይ ተለጥፋ ስለምትውል፣ ቅርፊቱ ነጣ ያለ የዛፍ ሽበት (ሊከን) ካለው ወፍ በቀላሉ አያገኛትም። በኢንዱስትሪ አብዮት ጊዜ ግን የከሰል ጭስ ሽበቱን ገደለው፣ ግንዱንም ጥላሸት አለበሰው። በ1848 ማንቸስተር ውስጥ አንዲት ጥቁር እራት ተመዘገበች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። በ1895 እዚያው ከተማ ከ100ው 98ቱ ያህል ጥቁር ሆነው ተገኙ።

አሁን ወደ ኮዱ እንግባ። 1000 እራቶች ያሉበት ዝርዝር ፍጠሩ፤ 10ሩ ጥቁር፣ 990ው ነጭ። ግንዱ ስለጠቆረ የጥቁሯ የመትረፍ ዕድል 0.6፣ የነጯ ደግሞ 0.4 ይሁን። ለእያንዳንዷ እራት ኮምፒውተሩ ከ0 እስከ 1 ያለ አንድ ቁጥር በዕጣ ያወጣል፤ ቁጥሩ ከመትረፍ ዕድሏ ካነሰ ትተርፋለች፣ ከበለጠ ትሞታለች። ለጥቁሯ 0.53 ቢወጣላት ተረፈች፣ ያው 0.53 ለነጯ ቢደርሳት ግን ወፍ በላት። የተረፉት ይራባሉ፣ ልጅ የእናቱን ቀለም ይይዛል፣ ቁጥሩ ተመልሶ 1000 ይሞላል። ይሄ አንድ ትውልድ ነው። ሉፕ ውስጥ ከታችሁ ደጋግሙት፣ አለቀ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ብትጽፉት ከአንድ ገጽ አያልፍም።

እኔን የሚገርመኝ ኮዱ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። "ጥቁሮች ይብዙ" የሚል መስመር የትም አታገኙም። እራቷም ለመጥቆር አትሞክርም፤ ነጭ ሆና የተወለደች ነጭ ሆና ትበላለች ወይም ነጭ ሆና ትተርፋለች። ያላችሁ ዕጣ፣ ሁለት የተለያዩ ዕድሎችና ውርስ ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ በ12ኛው ትውልድ ገደማ ጥቁሮቹ ግማሹን ያልፋሉ፣ በ21ኛው 98 በመቶ ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከነክናል። ይቺ እራት በዓመት አንድ ትውልድ ነው ያላት። መነሻው አንድ ባይሆንም ማንቸስተር ላይ ከ1848 እስከ 1895 ድረስ 47 ዓመት ነው፣ የኛ ፕሮግራም ግን በ21 ጨረሰው። ለምን ቸኮለ? ጂን ስላላስገባንበት ነው። እውነተኛዋ እራት ለቀለሟ ሁለት የጂን ቅጂ አላት፣ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት፣ እና ለመጥቆር አንድ ጥቁር ቅጂ ይበቃታል። ስለዚህ ጥቁር መስላ የነጭ ጂን ይዛ የምትበር ሞልታለች፤ ወፍ ደግሞ ክንፍ እንጂ ጂን አያይም። ይህንን ኮዱ ውስጥ ስታስገቡ መጀመሪያው ብዙም አይለወጥም፣ ግማሹ ላይ የሚደረሰው አሁንም በ12ኛው አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይንቀራፈፋል፦ በ21ኛው 90 በመቶ፣ 98 ለመድረስ ደግሞ ወደ 35 ትውልድ። የመጨረሻዎቹን ነጮች ማጥፋት ያን ያህል ይከብዳል፣ ምክንያቱም የነጭነቱ ጂን ጥቁሮቹ ውስጥ ተደብቋል።

0.6 እና 0.4ን ዝም ብዬ አይደለም የመረጥኩት። ጄ.ቢ.ኤስ. ሆልደን የሚባለው ብሪታንያዊ ሳይንቲስት በ1924፣ ኮምፒውተር ሳይኖር፣ ለውጡ በዚያ ፍጥነት እንዲመጣ ጥቁሯ ከነጯ 1.5 እጥፍ ያህል ልጆች ማትረፍ እንዳለባት በወረቀት አስልቶ ነበር። 0.6 ለ0.4 ሲካፈል ያው 1.5 ነው።

ደግሞ ፕሮግራሙን አንዴ አስኬዶ "በቃ አየሁ" ማለት አያዋጣም። በ10 ጥቁር ፈንታ በአንዲት ብቻ ጀምሩና እዩ፤ ከአስር ሙከራ በአራቱ ገደማ ገና በመጀመሪያው ዙር ተበልታ ታሪኩ ሳይጀመር ያልቃል። የተሻለ ቀለም መያዝ ዋስትና አይደለም፣ ዕድልን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። እንግሊዝ በ1956 የንጹህ አየር ሕግ ካወጣች በኋላ የሆነውን ለማየት ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይሩ፤ ጥቁሮቹ መመናመን ይጀምራሉ፣ እንደ እውነቱም ዛሬ እዚያ አገር ብርቅ ሆነዋል።

ሲሙሌሽኑ የማይመልሰው ጥያቄ አለ፦ ወፎች በእርግጥ እየመረጡ ይበላሉ ወይ? "ዕድሉ ይህ ቢሆን ውጤቱ ይህ ነው" ይላል እንጂ ዕድሉን ራሱ ማወቅ የሚቻለው ጫካ ተወርዶ ነው። በርናርድ ኬትልዌል የሚባል ተመራማሪ በ1953 በርሚንግሃም አጠገብ ምልክት የተደረገባቸውን እራቶች ለቅቆ መልሶ ሲያጠምድ ከጥቁሮቹ 27.5፣ ከነጮቹ 13 በመቶ ያህሉን አገኘ፤ ይበልጥ የተበሉት ነጮቹ ናቸው ማለት ነው። አሠራሩ ብዙ ስለተተቸ ማይክል ማጀረስ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ካምብሪጅ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ 4,864 እራቶችን በመልቀቅ እንደ አዲስ ፈተሸው። ወፎቹ በእርግጥ ይመርጣሉ፤ አየሩ ከጸዳ በኋላ ስለነበር በዚህኛው ይበልጥ የተበሉት ጥቁሮቹ ናቸው።

አላን ቦንድና አላን ካሚል የሚባሉ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ሁለቱን አገናኟቸው። እራቶቹን ኮምፒውተር ላይ አድርገው፣ አዳኙን ግን በዕጣው ምትክ እውነተኛ ወፍ አደረጉት። ብሉ ጄይ የሚባሉ ወፎች ስክሪኑ ላይ የተደበቀችውን እራት በምንቃራቸው ሲነኩ ምግብ ይሰጣቸዋል፣ የተነካችው ትሞታለች፣ ያልታየችው ትራባለች። በ2002 ባወጡት ውጤት መሠረት እራቶቹ ከትውልድ ትውልድ ለማየት እየከበዱ ሄዱ፤ መልካቸውም አንድ ዓይነት መሆኑ ቀርቶ እየተለያየ መጣ፣ ወፎቹ አንዱን መልክ ሲለምዱ ሌላው ያመልጣቸው ነበርና።