ኦፕን አክሰስ ምንድን ነው? ነጻ የሆነውስ ለማን ነው?

ቴሲስ የሰራ ሰው ይቺን ነገር በደንብ ያውቃታል። የምትፈልገውን አርቲክል ጎግል ላይ ታገኛለህ፣ አብስትራክቱን (አጭር ማጠቃለያውን) አንብበህ «ይሄማ የኔ ነው» ትላለህ፣ ከዛ ፒዲኤፉን ስትጫን 30 ወይ 40 ዶላር ክፈል ይልሃል። ለአንድ ጽሁፍ እኮ ነው! ብሩ ቢኖር እንኳ ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል። ይሄ ነገር ፔይዎል ይባላል፣ ኦፕን አክሰስ ማለት ደግሞ እንደዚህ የማይዘጋብህ፣ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ከፍቶ የሚያነበው ጥናት ማለት ነው።

በጣም የሚያናድደው ምን መሰላችሁ፣ ጥናቱን የሰራው ሰውዬ ከዛ 40 ዶላር ሳንቲም አትደርሰውም። ጽሁፉን የሚገመግሙት ሌሎች ሳይንቲስቶችም (ፒር ሪቪው የሚባለው) አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው የሚሰሩት፣ የጥናቱ ወጪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመንግስት ካዝና የወጣ ነው፣ ማለትም ህዝቡ አንዴ በታክሱ ከፍሎ ለማንበብ ደሞ ድጋሚ ክፈል እየተባለ ነው።

ቃሉ በደንብ የተለመደው በ2002 ቡዳፔስት ላይ ከወጣው መግለጫ በኋላ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። እዛ ላይ የተባለው ማንበብ ብቻ አይደለም፣ ማባዛትም ማከፋፈልም ይቻል ነው፣ የባለቤቱን ስም እስከጠራህ ድረስ። ብዙ ሰው ይቺን ይረሳታል። ሆሞ ናሌዲን አስታውሱ፣ ደቡብ አፍሪካ ራይዚንግ ስታር ዋሻ ውስጥ ከ1,500 በላይ የአጥንት ቁራጭ የተገኘለት የጠፋ የሰው ዘመድ። 2015 ላይ ኢላይፍ በሚባል ኦፕን አክሰስ ጆርናል ስለወጣ ብሎግ የሚጽፍ ሰው ፎቶዎቹን ሳይቀር ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ምንጩን ጠቅሶ መለጠፍ ይችላል፣ ጽሁፉን ወደ አማርኛ ልመልሰው ብትልም የሚከለክልህ የለም። ፈቃዱ ሲሲ ባይ ይባላል። ፔይዎል ያለበት ጆርናል ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንዷን ፎቶ እንኳ ለመጠቀም ማስፈቀድ አለብህ።

እሺ አንባቢው ካልከፈለ ማን ይከፍላል? ብዙ ቦታ ጸሃፊው ራሱ። ይሄ ጎልድ ይባላል፣ ኔቸር የሚባለው ታዋቂ ጆርናል 2021 ላይ ሲጀምረው ለአንድ አርቲክል 9,500 ዩሮ ነበር የጠየቀው፣ የኛ አገር መምህር የስንት ዓመት ደሞዝ እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት። በሩ ለአንባቢው ተከፍቶ ለጸሃፊው ተዘጋ ማለት ነው። ለደሃ አገር ተመራማሪዎች ክፍያውን የሚተዉ አሳታሚዎች አሉ፣ ፕሎስ አንዱ ነው፣ ግን ጽሁፉን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። «ዲር ፕሮፌሰር» ብሎ በሳምንት አሳትምልሃለሁ የሚል ኢሜይል ከመጣ ግን ብዙ ጊዜ ብራችሁን ብቻ የሚፈልግ የውሸት ጆርናል ነው፣ ዝም ብላችሁ ዲሊት።

ዳይመንድ የሚባለው ከማንም አያስከፍልም፣ ወጪውን ዩኒቨርሲቲ ወይ ማህበር ይችለዋል። ግሪን ደግሞ ጸሃፊው የራሱን ኮፒ ሪፖዚተሪ (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጽሁፎች ማከማቻ) ላይ የሚያስቀምጥበት ነው፣ የኢትዮጵያም ፖሊሲ፣ በ2019 የወጣው፣ በመንግስት ገንዘብ የተሰራ ጥናት ሪፖዚተሪ ላይ ይቀመጥ ይላል። ስለዚህ ፔይዎል ሲገጥማችሁ ርዕሱን እንዳለ ገልብጣችሁ ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጉት፣ ከስሩ «ኦል ቨርዥንስ» የምትለዋን ተጫኑ፣ ብዙ ጊዜ ነጻው ኮፒ እዛ ተደብቆ ነው ያለው። ከጠፋ ለጸሃፊው ኢሜይል አድርጉ። እኔ ማስተርሴን ስሰራ ለማላውቀው ሰው ሁለት መስመር ጽፌ ፒዲኤፉን ከነዳታው ልኮልኛል፣ ያነበበለት ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎት ነው መሰለኝ።