የአፕሎድ ገደብ ምንድን ነው?

አንዲት ልጅ ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብላ የሥራ ማመልከቻ እየሞላች ነው እንበል። ስሟን፣ ስልኳን፣ የትምህርት ደረጃዋን በጥንቃቄ ጻፈች። ስካን ያስደረገችውን ዲግሪ አያያዘች፤ 9 ኤምቢ ነው። «ላክ» የሚለውን ተጫነች። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ስድስት ደቂቃ ጠበቀች። በመጨረሻ ፎርሙ ተመልሶ መጣ፤ ባዶውን። ከላይ በቀይ «እባክዎ ስምዎን ያስገቡ» ይላል።

ስሟንማ አስገብታለች። የመለሳት እሷ የማታየው ቦታ ላይ የተቀመጠ አንድ ቁጥር ነው።

የአፕሎድ ገደብ የምንለው ይህን ቁጥር ነው፤ አንድ ድረ ገጽ በአንድ ጊዜ ከሰው የሚቀበለው ትልቁ መጠን። ገደብ መኖሩ ተገቢ ነው። ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ዲስኩም ሜሞሪውም ልክ አለው። ከልካይ ባይኖር አንድ ተንኮለኛ 50 ጊጋባይት እየደጋገመ ልኮ የሌላውን ሰው ሁሉ ሥራ ሊያስቆም ይችላል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ቁጥሩ አንድ አለመሆኑ ነው። ፋይሉ በተከታታይ በሮች ያልፋል፤ በየበሩ ዘበኛ አለ። በጣም የተለመደውን እንውሰድ፦ ከፊት የሚመጣውን ተቀብሎ የሚያሳልፈው ኤንጂንኤክስ፣ ከኋላ ድረ ገጹ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ። ኤንጂንኤክስ ማንም ካልነካው የሚያሳልፈው 1 ኤምቢ ብቻ ነው። ፒኤችፒ ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ ለአንድ ፋይል ነው፤ ሳይነካ 2 ኤምቢ። ሌላው ለጠቅላላው ፎርም ነው፤ ጽሑፉም ፋይሉም ተደምሮ 8 ኤምቢ። ከሁሉም የሚወስነው ትንሹ ነው። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ብቻውን ከ3 ኤምቢ በላይ ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

በሮቹ ሲመልሱ አመላለሳቸውም ይለያያል። ኤንጂንኤክስ «413» ብሎ ቁርጡን ይናገራል፤ የላካችሁት በዝቷል ነው ትርጉሙ። ፒኤችፒ አንዱ ፋይል ብቻ ከበዛበት ፋይሉን ይተወዋል፤ ስምና ስልኩን ግን ለድረ ገጹ ፕሮግራም ያቀብላል። ጠቅላላው ከ8 ኤምቢ ሲያልፍ ነው ጉዱ። ያኔ ሁሉንም ይጥለዋል። ስም የለም፣ ስልክ የለም፣ ፋይል የለም። ፕሮግራሙ የሚደርሰው ባዶ ፎርም ስለሆነ «ስምዎን ያስገቡ» ይላል። ልጅቷን ያጋጠማት ይኸው ነው፤ የኤንጂንኤክሱ ገደብ ሰፍቶ የፒኤችፒው ግን ባለበት ቀርቶ። የማይክሮሶፍቱ ሰርቨር፣ አይአይኤስ፣ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ባይት በላይ ሲመጣበት «404» ሊመልስ ይችላል፤ ሰው ገጹ የጠፋ ይመስለዋል።

እኔም አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን በዚህ ጠፍቶብኛል። የፒኤችፒውን ፋይል ገደብ 10 አደረግኩ፤ 413። ሰርቨሩን ደግሜ አስነሳሁ፤ አሁንም 413። ለካ ከፊት ያለው ኤንጂንኤክስ 1 ላይ ቆሟል። እሱን ስከፍት ደግሞ ፎርሙ ባዶ ይመጣ ጀመር፤ ጠቅላላውን ከ8 አላነሳሁትም ነበር። ስለዚህ ድረ ገጽ የምትሠሩ ሁሉ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እያሰፋችሁ ሂዱ። ለአንድ ፋይል 10 ከፈቀዳችሁ ለፎርሙ 12፣ ለኤንጂንኤክስ 15 ይሁን። ሰው ሦስት ሰነድ የሚያያይዝ ከሆነ የፎርሙን ስታሰሉ በሦስት አባዙ። የድረ ገጽ ማስቀመጫ (ሆስቲንግ) ተከራይታችሁ ከሆነ የፊተኛው በር በእጃችሁ ላይሆን ይችላል፤ አከራዩን መጠየቅ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ልጅቷን አይክሳትም። ስድስት ደቂቃዋና የኢንተርኔት ሒሳቧ ሄዷል። በፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ኤምቢ በገንዘብ የተገዛ ነው። ፋይሉ ገና ሲመረጥ መጠኑን ብሮውዘሩ ያውቀዋል። ብሮውዘሩ ውስጥ በሚሠራው ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ የተጻፈ ጥቂት መስመር ሳይላክ በፊት «ይህ 9 ኤምቢ ነው፤ የምንቀበለው እስከ 5 ነው» ሊላት ይችል ነበር። ይህን አለመጻፍ በሰው ገንዘብና ጊዜ መቀለድ ይመስለኛል። የሰርቨሩ ፍተሻ ግን ይቆይ፤ የብሮውዘሩን ማለፍ የሚችል አይጠፋም።

ቪዲዮ የመሰለ ከባድ ነገር ከሆነ ገደቡን ዝም ብሎ ከማስፋት ፋይሉን ቆራርጦ መላክ ይሻላል። መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርኩ ቢቆረጥ ከቆመበት ይቀጥላል። የአማዞን የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎት ኤስ3 ራሱ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው እስከ 5 ጊጋባይት ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል ተቆራርጦ ነው የሚገባው።

ፎርሙን ለምትሞሉት ደግሞ፦ ስካን የሚያደርገውን ልጅ «በ200 ዲፒአይ፣ ጥቁርና ነጭ አድርግልኝ» በሉት፤ ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ያለው የነጥብ ብዛት ነው። ከ600 ወደ 200 ሲወርድ የነጥቦቹ ብዛት ዘጠኝ እጥፍ ይቀንሳል፤ የዲግሪው ጽሑፍ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል።