"እኛ ባሕር የለንም፣ ምን አገባን?" ስለ ሄሪኬንና ጎርፍ ድሬ ላይ የምንሰማቸው ስህተቶች

ባለፈው ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ቡና እየጠጣን የአሜሪካ ሄሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳው ኃይለኛ ማዕበል፣ ወሬ ተነሳ። አንዱ "እነሱ ባሕር ስላላቸው ነው፣ እኛን ምን አገባን?" አለ። ድሬን የሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ ዳር ላደግኩት ለእኔ ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ያጣች ከተማ ውስጥ ተቀምጠን እኮ ነው የምናወራው። ያን ቀን የተባሉትን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

"ሄሪኬን ማለት ነፋስ ነው።" ዜና ላይ የምንሰማው ከ1 እስከ 5 ያለው ደረጃ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚገድለው ግን ውሃው ነው፤ ነፋሱ እየገፋ ወደ የብስ የሚያስገባው ባሕርና አብሮት የሚመጣው ዝናብ። ካትሪና የተባለችው ሄሪኬን እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ላይ የብስ ስትነካ ደረጃዋ 3 ነበር፤ የኒው ኦርሊንስ ከተማ ግን 80 በመቶው ውሃ ውስጥ ገባ። እኛም ጋ ነገሩ ይመሳሰላል። የደቻቱ ውሃ የሚወርደው ከደንገጎ ተራሮች ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ውሃው ሊመጣ ስለሚችል፣ የድሬን ሰማይ አይቶ መተኛት አያዋጣም።

"ለማንኛውም እኛ ጋ አይደርስም።" ሄሪኬን በእኛ በኩል፣ በሕንድ ውቅያኖስ፣ ሳይክሎን ነው የሚባለው። ሳጋር የተባለው ሳይክሎን ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ገብቶ ጂቡቲን በጎርፍ አጥለቅልቋል። ጂቡቲ ደግሞ ለድሬ ልጅ ጎረቤት ናት።

"የደቻቱ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሰርቷል፣ አለቀ።" ይሄኛው ነው በጣም የሚያስፈራኝ። ኒው ኦርሊንስም እኮ ግንብ ነበራት፤ ከተማውን ያጥለቀለቀው ያ ግንብ መሰበሩ ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥት ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ አዲስ ሲሠራ ስሙንም ቀየረው። ድሮ "ከሄሪኬን መከላከያ" ይባል የነበረው አሁን "የጉዳት ስጋት መቀነሻ" ነው የሚባለው። ሰዎቹ እንከላከላለን ማለት ትተው እንቀንሳለን አሉ፤ ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ የመጣ እውነተኛ ቃል ነው። የደቻቱ ግንብም ይቀንሳል። ግንቡን ተማምነን ሥሩ ጎጆ ስንቀልስ፣ ቆሻሻ አሸዋው ላይ ስንደፋና የውሃውን መንገድ ስናጠብ ግን የቀነሰውን መልሰን እንጨምረዋለን። በጋ ላይ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ያ ደረቅ አሸዋ እኮ ወንዝ ነው፤ ውሃው ለጊዜው ስለሌለ ሜዳ አይሆንም።

"የመቶ ዓመት ጎርፍ ስለሆነ ልጅ ልጆቻችን ይዩት።" ስሙ ነው ያሳሳተን። ትርጉሙ በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። አምና መጣ ማለት ዘንድሮ አይመጣም ማለት አይደለም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 26 በመቶ ነው፣ ከአራት አንድ በሉት። ቤት ሠርተን ልጅ አሳድገን የምንድርበት ዘመን ነው እንግዲህ።

"ተነሱ የሚሉን መሬቱን ፈልገውት ነው።" ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም፣ ተነስቶ የተንገላታ ሰው አውቃለሁ። ግን በአሜሪካ ያለውን አሠራር ተመልከቱ። ደጋግሞ ጎርፍ የሚገባበትን ቤት መንግሥት ባለቤቱ ከፈቀደ ሊገዛው ይችላል። ከዚያ በኋላ ቦታው ለዘላለም ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት፤ ሆቴል አይሠራበትም፣ ለባለሀብትም አይሰጥም። እኛም ተነሱ ስንባል መጠየቅ ያለብን ይህንኑ ነው። ቦታው ነገ ምን ሊሆን ነው?

"ኢንሹራንስ ያላቸው ምን ቸገራቸው?" እዚያ ያላችሁ ዘመዶቻችን ይህችን ልብ በሉ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የጎርፉ ለብቻው ነው፤ የመንግሥቱ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አለ። ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ማዕበሉ በቴሌቪዥን ከታየ ወዲያ መሮጥ ዋጋ የለውም።

"ይሄ ሁሉ ገንዘብ ላለው አገር ነው።" ባንግላዴሽ ሀብታም አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ሳይክሎን በትንሹ 300,000 ሰው ጨረሰባት። ከዚያ በኋላ መንግሥትና ቀይ ጨረቃ ሆነው የሠሩት ሥራ ግን ሁሌ ይገርመኛል። በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች አሠለጠኑ፤ ዛሬ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፣ ሴቶችም በብዛት አሉበት። መሣሪያቸው ባንዲራ፣ ሜጋፎንና ሳይረን ነው። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ይቀሰቅሳሉ። መጠለያዎችንም ሠሩ፤ ሰው ላሙንና ፍየሉን ትቶ አልሄድም ስለሚል ለከብት የሚሆን ቦታ ያላቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው ሳይክሎን ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አስቀድመው አነሱ። የሞተባቸው በአሥሮች የሚቆጠር ነው።

እኛን በ1998 የቀሰቀሰን ማንም ያላሠለጠነው ጎረቤታችን ነበር። የቆርቆሮ በራችንን በድንጋይ እየደበደበ "ደቻቱ መጣ! ውጡ!" ይል ነበር። እናቴ ታናሼን አዝላ በባዶ እግሯ ወጣች። ከእኛ ዝቅ ብለው ያሉት ቤቶች ጋ ለመድረስ ግን ጊዜ አልነበረውም።

ክረምቱ ሳይገባ ቀበሌያችሁ ሄዳችሁ አንድ ነገር ጠይቁ። ሌሊት ደንገጎ ላይ ከባድ ዝናብ ቢጥል ማን ለማን ይደውላል? በእኛ መንደርስ በር የሚያንኳኳው ማን ነው?