«ብር ከተቀመጠ ይሟሟል» እና ሌሎችም፦ ስለ ቁጠባና ቅንጦት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱም በየቢሮውም «ያለችን ብር አሁን ትበላ ወይስ ትቀመጥ?» የሚለው ክርክር በርትቷል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ወገን ከሚነገሩት ምክንያቶች ብዙዎቹ ወረቀት ላይ ሲሰሉ አያስኬዱም። ሰው የሚጎዳው ባለመቆጠቡ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ መቼ እንደሚፈለግ ሳያስብ ያለቦታው በማስቀመጡም ጭምር ነው።

«ብር ዋጋ እያጣ ስለሆነ መቆጠብ ከንቱ ነው፤ ዕቃ መግዛት ይሻላል»

ግማሹ እውነት ነው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለተራ ቁጠባ የተደነገገው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። 100,000 ብር ዓመት ሲቀመጥ 7,000 ብር ይወልዳል፤ ከወለዱ ላይ 5 በመቶ ግብር፣ ማለትም 350 ብር ቢቆረጥ፣ በእጅ የሚቀረው 6,650 ብር ነው። በዚያ ዓመት የዋጋ ንረቱ 15 በመቶ ቢሆን፣ ዛሬ 100,000 ብር የሚያወጣው ዕቃ 115,000 ይገባል። ስለዚህ 8,350 ብር ጎደለ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረባቸው ወራት ጉድለቱ ከዚህም እጅግ የከፋ ነበር።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ስሌት ተነስቶ «ስለዚህ አዲስ ስልክ ልግዛ» ሲባል ነው። ስልክ፣ ሶፋና ቴሌቪዥን ከሱቅ ወጥተው ቤት እንደገቡ «ያገለገለ» ይባላሉ። በዚያው ሳምንት ልሽጥ ቢባል እንኳ የሚቀነሰው ዋጋ ባንክ ውስጥ በዓመት ከሚጎድለው 8 በመቶ ይበልጣል። ስልኩ የሚያስፈልግ ከሆነ ይገዛ፣ ደስ የሚል ከሆነም ይገዛ፤ ግን ቁጠባ ተብሎ አይቆጠር።

ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው የግንባታ ዕቃ ቀድሞ መግዛቱ የተሻለ ሐሳብ ነው፤ የሚቀመጠውና የማይቀመጠው ግን ይለያል። ቆርቆሮና ፌሮ ከዝናብና ከእርጥብ መሬት ከተጠበቁ ይቆያሉ፤ ፌሮ ላይ የምትታይ ቀጭን ዝገት አታሰጋም፣ እየተቀረፈ የሚረግፍ ከሆነ ግን ብረቱ እየሳሳ ነው። ሲሚንቶ ግን ለመጋዘን የሚሆን ዕቃ አይደለም። ከአየሩ እርጥበት እየሳበ በከረጢቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ ከሦስት ወር በኋላ ጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳል። የግድ መቀመጥ ካለበት ከወለሉ ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከአሥር ከረጢት በላይ ሳይደራረብ ይሁን። ሲከፈት በጣት ሲታሽ የማይፈርስ ጓል ከተገኘበት ለኮለንና ለቢም አይዋል።

ተራው የቁጠባ ሒሳብ ታዲያ ምን ይሠራል? የሦስት ወር የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርትና መድኃኒት የሚሸፍን ገንዘብ ይያዝበት። ይህ ገንዘብ ትርፍ እንዲያመጣ አይጠበቅም፤ ሥራው ሌሊት ሆስፒታል መሄድ ሲመጣ ወይም ሥራ ሲቋረጥ ወዲያው መገኘት ነው። ይህን ያላሟላ ሰው ችግር ሲገጥመው የገዛውን ቆርቆሮ ወይም ወርቅ በችኮላ በርካሽ ይሸጣል፤ አንዲት ቀን የዓመቱን ጥቅም ትወስደዋለች። ከዚህ በላይ ያለውንና ለዓመት የማይነካውን በጊዜ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል። በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ላይ ወለዱ በድርድር ነው፤ ስለዚህ አንድ ባንክ የሰጠውን ቁጥር ይዞ ሌላው ጋ መጠየቅ ያዋጣል። «ባንኩ ቢከስርስ?» ለሚል፦ የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል።

«ወርቅ እስከሆነ ድረስ ጌጥም ቁጠባ ነው»

ወርቅ እንደ ብረትነቱ ዋጋ ይይዛል። ጌጥ ሲሆን ግን ሦስት ነገር ይለያያል፦ ካራቱ፣ የእጅ ዋጋውና ፈርጡ። 10 ግራም የሚመዝን የ21 ካራት ቀለበት ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 8.75 ግራም ነው፤ በ18 ካራት ደግሞ 7.5 ግራም። ሲገዛ የሠሪው የእጅ ዋጋ ይጨመራል፤ ሲሸጥ አይመለስም። ፈርጥ ካለው ሲገዛ ከወርቁ ጋር ተመዝኖ ሊሆን ይችላል፤ ሲሸጥ ተነቅሎ ወይም ተቀንሶ ይታሰባል። ሥራው የበዛ፣ ፈርጥ ያለው የአንገት ሐብል ለመዋቢያ የተገዛ ነውና እንደዚያው ይታይ። ዋጋ ለመያዝ የሚገዛ ሰው ሥራው ቀላል የሆነ፣ ያለ ፈርጥ፣ ካራቱ ከፍ ያለ ይምረጥ። ከውስጥ በኩል ማኅተሙን ይመልከት፤ 875 ማለት 21 ካራት፣ 750 ማለት 18 ካራት ነው። ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱና የእጅ ዋጋው ለየብቻ እንዲጻፍ ይጠይቅ። ሁሉም በአንድ ድምር የተጻፈ ደረሰኝ ሲሸጥ ምንም አይጠቅምም።

«ዕቁብ ወለድ ስለሌለው ኪሳራም የለውም»

ዕቁብ ከሁሉ የበለጠ የሚያስቆጥብ ሥርዓት መሆኑ አይካድም። ዳኛው፣ ጸሐፊውና የጓደኛ ዓይን ባንክ የማያደርገውን ያደርጋሉ። ሆኖም ጥቅሙ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ሃያ ሰው በወር 5,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ እንውሰድ፤ ዕጣው 100,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው 95,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሯል። በሃያኛው ወር የሚደርሰው ደግሞ ያለ ወለድ አበድሯል፤ ንረቱ በዓመት 15 በመቶ ከሆነ በመጀመሪያው ወር የጣላት 5,000 ብር እጁ ስትገባ መጀመሪያ በ4,000 ብር ይገዛ የነበረውን ብቻ ትገዛለች።

ከዚህ የሚከተለው ዕቁብን መተው አይደለም። ዋጋ በሚንርበት ዘመን ረጅም ዕቁብ ከአጭር ይልቅ የመጨረሻውን ሰው ይጎዳል፤ ስለዚህ ሃያ ወር ከሚፈጅ ይልቅ አሥር ወር የሚፈጅ ይመረጥ። ዕጣ ቀድሞ የሚያስፈልገው ሰው ተራውን ከሌላው ሲገዛ የሚከፍለው ገንዘብ ደግሞ ቆይቶ ለሚወስደው ተገቢ ካሣ እንጂ ነውር አይደለም። ትልቁ አደጋ ያለው ከዋሱ ላይ ነው፦ ቀድሞ የወሰደ ሰው መጣል ሲያቆም ዋሱ ይጠየቃል። ዋሱ ራሱ እዚያው ዕቁብ ውስጥ ዕጣው የወጣለት አባል ከሆነ ግን ሁለቱ እርስ በርስ ተዋዋሱ እንጂ ዕቁቡን የሚጠብቅ ዋስ አልተገኘም። ዋስ የሚሆነው ገና ያልወሰደ ወይም ከውጭ የሆነ፣ ቋሚ ገቢ ያለው ሰው ነው።

«የሚያደኸየን የየቀኑ ማኪያቶ ነው»

ይህ ምክር በየመድረኩ ይነገራል፤ ሰውንም ያለ ጥፋቱ ይወቅሳል። አንድ ማኪያቶ 80 ብር ቢሆንና በወር 26 ቀን ቢጠጣ በዓመት 24,960 ብር ይሆናል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። አሁን አንድ ሠርግ እናስላ።

ሆቴሉ «በሰው 1,200 ብር» ይላል። ቤተሰቡ በ400 እንግዳ አባዝቶ 480,000 ብር ይይዛል። ብዙ ሆቴሎች የሚጠሩት ዋጋ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያንና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምርም። 1,200 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 1,320፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 1,518 ብር ይመጣል። የ400 ሰው ድምር 607,200 ብር ነው። በአንድ ጥያቄ ሊታወቅ ይችል የነበረ 127,200 ብር ሠርጉ ሊደርስ ሲል ብድር ይሆናል። ሙሉ ድምሩ የዚያ ሰው የ24 ዓመት ማኪያቶ ነው፤ ገና ቬሎው፣ ዲኮሩ፣ ቪዲዮውና የመኪናው አጀብ አልተነኩም።

በሠርግ ወጪ ላይ ዋናው ቁጥር የእንግዳው ብዛት ነው። ሌላው ሁሉ ሲቀነስ ትንሽ ይቀንሳል፤ እንግዳ ሲቀነስ ግን ምግቡም፣ መጠጡም፣ አዳራሹም አብረው ይወርዳሉ። መቶ ሰው መቀነስ 151,800 ብር ነው። መቀነሱ እንደሚከብድ ግልጽ ነው፤ በሰው ሠርግ ላይ የበላ ሰው ውለታ አለበት፣ ዕድርተኛም አይታለፍም። ስለዚህ ሳይጠሩ ከመቅረት ይልቅ መከፋፈሉ ይሻላል፦ የሆቴሉ ግብዣ ለቅርብ ሰው፣ ለዕድርተኛና ለሰፈር ሰው ደግሞ በድንኳን ምሳ፤ መልስና ቅልቅልን በአንድ ቀን ማድረግ። ከሆቴሉ ጋር ሲዋዋሉ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይሁን፦ የመጨረሻው የእንግዳ ቁጥር እስከ መቼ ሊቀየር እንደሚችል፣ እና ሳይከፈት የቀረ መጠጥ ተመላሽ መሆኑ። በጣም ደስ የሚለው ሠርግ ማግስቱን ሙሽሮቹ ያለ ዕዳ የሚነሱበት ነው ብለን እናምናለን።

«ቀስ እያልኩ እከፍለዋለሁ»

በስልክ የሚወሰድ የአንድ ወር ብድር 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ቢኖረውና ክፍያው ቀድሞ ቢቆረጥ፣ 10,000 የተበደረ ሰው እጁ የሚገባው 9,500 ነው። በየወሩ እያደሰ ዓመት ቢዘልቅ 6,000 ብር ለክፍያ ብቻ ያወጣል፤ አሥር ሺውም ገና ዕዳ ነው። ለ48,000 ብር ዕቃ በወር 4,000 ብር ዓመት ሙሉ መለየት የሚችል ሰው ብድር አያስፈልገውም። መለየት የማይችል ከሆነ ደግሞ ያንኑ ያህል ከነክፍያው መመለስም አይችልም።

«ጡረታ ስላለኝ ለእርጅና አልሰጋም»

የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። መዋጮው የሚሰላው ከመደበኛ ደመወዝ ነው፤ የትርፍ ሰዓትና አበል አይገቡበትም። ለ10 ዓመት አገልግሎት የጡረታ አበሉ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 20 ዓመት የሠራ 42.5 በመቶ፣ 30 ዓመት የሠራ 55 በመቶ ያገኛል። አበል የበዛበትና መደበኛ ደመወዙ ያነሰ ሠራተኛ የለመደውን ኑሮ ግማሽ እንኳ አያገኝም። ደመወዝ ሲጨመር፣ ጭማሪው ገና ኑሮ ውስጥ ሳይገባ ግማሹን በዚያው ወር በባንኩ ቋሚ ትእዛዝ ወደ ሌላ ሒሳብ ማሻገር ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነው።

«በዓልን ያህል ነገር እየቆጠቡ ማክበር ንፉግነት ነው»

በዓል ድንገተኛ ወጪ አይደለም፤ ቀኑ ይታወቃል። የሚያናጋው በዋዜማው መገዛቱ ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ቅቤ ፈላጊው ይቀንሳል፤ የፋሲካን ቅቤ በጾሙ መካከል ገዝቶ ማንጠር ይቻላል። በቀስታ እሳት ይቅለጥ፣ አረፋው ይገፈፍ፣ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና አብሹ ይግቡበት፣ መንተክተኩ ቆሞ ፈሳሹ እስኪጠራ ይቆይ። ውኃው ሳያልቅ የወጣ ቅቤ ይበላሻል፤ እርጥብ ማንኪያ የገባበትም እንዲሁ። ጠልሎ በደረቀ የብርጭቆ ዕቃ ከተከደነ ለወራት ይቆያል። ሽንኩርት ግን ስለሚበሰብስ ለመጨረሻው ሳምንት ይተው። በግ ቀድሞ መግዛት የሚያዋጣው ግቢና መኖ ላለው ብቻ ነው። ለሥጋው በየወሩ እያዋጡ ቅርጫ መግባት ሙሉ በግ ከመግዛት ይቀላል።

«ከዓረብ አገር ወደ ቤት የላክሁት ሁሉ ተቀምጦልኛል»

ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው። በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ደመወዟን ሙሉውን ትልካለች፤ ቤተሰብ ደግሞ የተላከውን ለኑሮ የተላከ አድርጎ ይቀበላል። ማንም አልሰረቃትም፤ የቱ ለቀለብ፣ የቱ ለእሷ እንደሆነ የተነገረው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም ሒሳብ ትክፈት። ከሄደችም በኋላ ባንኮች ለውጭ ነዋሪ የሚከፍቱት ሒሳብ አለ። በየወሩ ሁለት ጊዜ ትላክ፦ ለቤት የተወሰነ መጠን፣ ለራሷ የቀረው። በአንድ ተልኮ «ከዚያ ላይ አስቀምጡልኝ» የተባለ ገንዘብ አይቀመጥም።

ቤት የሚሠራላት ከሆነ ካርታው በማን ስም እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ትጠይቅ። በወንድም ይዞታ ላይ የተሠራ ቤት በወረቀት የወንድም ነው። ውክልና ስትሰጥ ለመገንባት፣ ፈቃድ ለማውጣትና ውኃና መብራት ለማስገባት ብላ በዝርዝር ታጽፈው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚለው ሐረግ ወረቀቱ ውስጥ የሚገባውም ለዚያ ነው። ከመፈረሟ በፊት ሐረጉ አለመኖሩን ራሷ ታንብብ፤ ካለ ታስወጣው።