ኤሊያንና እምነት፡ ከምድር ውጪ ያለ ህይወት ከወሎ ሲታይ

እስካሁን ከምድር ውጪ አንዲት ባክቴሪያ እንኳን ተገኝታ አታውቅም። ይሄ ይቅደም፣ ምክንያቱም "አለ ግን ናሳ ደብቆታል" የሚለው ወሬ በየፌስቡኩ ስለሞላ ብዙ ሰው የተገኘ ይመስለዋል። ከምድር ውጪ ህይወት አለ ወይ የሚለው ግን ከባድ ጥያቄ ነው፣ ሳይንሱም ሃይማኖቱም የየራሱን ይልበታል። ወሎ ላይ ደሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ረከቦት ዙሪያ ስለሚቀመጥ፣ እንዲያውም አንድ ዘር ውስጥ እንድሪስም ገብረማርያምም ስለሚገኝ ወሬው ከተነሳ አንዱ ከቁርአን ሌላው ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት ከሚያስተምረው ከአክሲማሮስ እየጠቀሰ ነው የሚሄደው።

ሳይንሱን ባጭሩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1995 ፀሐያችንን የመሰለ ኮከብ ስትዞር የተገኘች ፕላኔት አለች፣ ከዛ ወዲህ ቁጥሩ እየጨመረ 2025 ላይ የተረጋገጡት 6,000 ደርሰዋል። 6,000 ፕላኔት ማለት 6,000 ሰፈር ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ወይ ኮከባቸው ጥግ ተለጥፈው የሚንቀለቀሉ ናቸው ወይ እግር የሚያሳርፍ መሬት የሌላቸው የጋዝ ኳሶች ናቸው። እዛው 2025 ላይ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ኬ2-18ቢ በምትባል 124 የብርሃን ዓመት ርቃ ባለች ፕላኔት አየር ውስጥ፣ ምድር ላይ የባህር ረቂቅ ህዋሳት የሚያወጡትን አይነት ጋዝ ምልክት አየን አሉ፣ ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ተነስተው ኧረ ዳታው እዚህ አያደርስም አሏቸው፣ ክርክሩ እንደቀጠለ ነው። ማርስ ላይም ፐርሲቪራንስ የምትባለው የናሳ ሮቨር (ተሽከርካሪ ሮቦት) 2024 ላይ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ አግኝታ ቆፍራ ናሙና ወስዳለች፣ የድሮ ረቂቅ ህዋስ ስራ ሊሆን ይችላል ተባለ፣ "ሊሆን ይችላል" ብቻ።

ለኛ በጣም ቅርብ የሆነው ምርምር ግን ሰማይ ላይ ሳይሆን ከወሎ ደጋ ማዶ አፋር ውስጥ ያለው ዳሎል ነው። ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬው የሚፈላ፣ ውሃው ጨውም አሲድም የሆነ ቦታ ነው፣ እና የማርስን ጥንት ይመስል ይሆናል ተብሎ ተመራማሪ ይጎርፍበታል። በ2019 አንድ ቡድን እጅግ ደቃቅ ህዋሳት አግኝተናል ብሎ አሳተመ፣ እዛው ዓመት ሌላ ቡድን ደሞ በጣም ጨዋማና አሲዳማ የሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ምንም ህይወት የለም አለ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ "ውሃ ካለ ህይወት አለ" የሚለው የተለመደ አባባል እዚሁ ምድር ላይ፣ ያውም ጎረቤታችን ጋ ጥያቄ ገባበት ማለት ነው። መኪና በሚገባበት ቦታ እንዲህ ከተጨቃጨቁ ማርስ ላይ እንዴት ሊሆኑ ነው?

ወሎ ራሱ ለሰማይ የተመቸ አገር ነው። ላስታ ላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ የላሊበላ አካባቢ ተራሮችም ለትልቅ ቴሌስኮፕ ይሆናሉ ተብለው ሲጠኑ ቆይተዋል። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) ደሞ ጨረቃ ፀሐይን መሀል ለመሀል ሸፍና ዳር ዳሯን እንደ ቀለበት ስታስቀር ጥላው ላሊበላ ላይ አልፏል፣ ያኔ መንገዱ በኮሮና ባይዘጋ ኖሮ ስንቱ የውጪ አገር ሰው በመጣ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ላይ ሙስሊሙ የኩሱፍ (የፀሐይ ግርዶሽ) ሶላት ይሰግዳል፣ ክርስቲያኑ እግዚኦ ይላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዉ ለሱ ሞት ነው ሲል፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ ልደት ብለው አይጋረዱም ያሉት ሐዲስ አለ፣ ብዙ ሰው የማያነሳው ግን በጣም ጥሩ ሐዲስ ነው።

ወደ ሃይማኖቱ ስንመጣ ሰማይ ባዶ ነው የሚል እምነት እዚህ አገር ኖሮ አያውቅም። በኦርቶዶክሱ ትምህርት ሰባት ሰማያት አሉ፣ ከነሱ ውስጥ ኢዮር፣ ራማና ኤረር የመላእክት ከተሞች ናቸው፣ መላእክቱም መቶ ነገድ ሆነው ተሰፍረዋል። በእስልምናም ሰማዩ ሰባት ነው፣ መላእክት አሉ፣ ጅንም አለ። ቁርአን ውስጥ ሱረቱ ሹራ (42፡29) አላህ በሰማያትና በምድር ተንቀሳቃሽ ፍጡር እንደበተነና በፈለገ ጊዜ ሊሰበስባቸው ቻይ እንደሆነ ይናገራል፣ ሱረቱ ጦላቅ (65፡12) ደሞ ከምድርም የሰማያቱን ብጤ ፈጠረ ይላል። ከዚህች ሁለተኛዋ ጋ ተያይዞ ከነብዩ ባልደረባ ከኢብን ዐባስ የተወራ አለ፣ በየምድሩ እንደ አደማችሁ አደም እንደ ኑሓችሁ ኑሕ አለ የሚል፣ የሐዲስ ሊቁ በይሀቂ ዘግበውታል፣ ግን ኡለማዎቹ ብዙዎቹ እንግዳ ዘገባ ነው ብለው መረጃ አያደርጉትም። የቁርአን ተንታኙ ፈኽሩዲን ራዚም ቢሆኑ ገና በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ አላህ ከዚህ ዓለም ውጪ ሺህ ሺህ ዓለም መፍጠር ይችላል ብለው ተከራክረዋል። አውሮፓ ውስጥም በ1277 የፓሪሱ ጳጳስ "እግዚአብሔር ብዙ ዓለም መፍጠር አይችልም" ማለትን አውግዘዋል፣ ጣሊያናዊው ፈላስፋ ብሩኖ በ1600 የተቃጠለው ደሞ ከሌሎች ክሶች ጋር ዓለማት ብዙ ናቸው በማለቱም ነው። ስለዚህ "ሃይማኖት ይሄን አስቦት አያውቅም" የሚለው ክስ ውሸት ነው።

መጽሐፈ ሄኖክን ሳላነሳ አላልፍም። ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ተመለሰ። እዛ ውስጥ ሁለት መቶ ትጉሃን የተባሉ መላእክት ሄርሞን ተራራ ላይ ወርደው የሰው ሴት ልጆችን አገቡ የሚለውን ይዘው "መላእክት አይደሉም ኤሊያን ናቸው" የሚሉ ዩቲዩበሮች አሉ፣ በአማርኛም ሞልተዋል። እኔ አይዋጥልኝም። ያው መጽሐፍ ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ስለ ፀሐይና ጨረቃ ሲያስተምር ፀሐይ በስድስት በር ወጥታ በስድስት በር ትገባለች፣ ዓመቱም 364 ቀን ነው ይላል። በመንኮራኩር ከዋክብት አቋርጦ የመጣ ኤሊያን የዓመቱን ቀን ከአንድ ቀን በላይ አጉድሎ ያስተምራል? መጽሐፉን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የሚያነበው ዲያቆን ከነዚህ ሰዎች በተሻለ አክብሮታል።

ሌላው የተለመደ መልስ "ዩፎ የሚባለው (ሰማይ ላይ የሚታየው ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር) ጅን ነው" የሚለው ነው፣ በክርስቲያኑ በኩል ያለው አቻው "ሰይጣን ነው መልኩን ቀይሮ" ይላል፣ ከሁለቱም ወገን ይህን የሚሰብክ አይጠፋም። ዛርና ቆሌ በሚታወቅበት አገር ይሄ ቢቀድም አይገርምም። ችግሩ የማይታወቅ ነገር ሁሉ ጅን ከተባለ ጥያቄው እዛው ይሞታል፣ ፊኛውም ድሮኑም ሳተላይቱም ጅን ሆኖ ያርፋል።

እኔ እንደሚመስለኝ ሰማይ ላይ ሌላ ፍጡር አለ ቢባል ወሎየው አይደነግጥም፣ ባክቴሪያ ቢሆንማ ጭራሽ ቡናውንም አያቆምለት። የሚከብደው ያ ፍጡር እንደኛ የሚያስብ፣ የሚሳሳት፣ ንስሐ ወይም ተውባ የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ እምነቶች ይለያያሉ። ለሙስሊሙ ጅን ጥሩ ምሳሌ ይሆነዋል፣ ሰው ያልሆነ ግን የሚጠየቅ ፍጡር ነው፣ በሱረቱል ጂን ቁርአን ሰምተው ያመኑ ጅኖች አሉ፣ ስለዚህ ለሌላ ምድር ሰዎችም አላህ መንገዱን አያጣውም ለማለት ብዙ አይርቅም። ለክርስቲያኑ ግን ክርስቶስ የአዳምን ሥጋ ነው የለበሰው፣ ታዲያ የአዳም ዘር ያልሆነው እንዴት ይድናል? ወደ ዕብራውያን ምዕራፍ 2 ላይ የያዘው የአብርሃምን ዘር እንጂ የመላእክትን አይደለም ይላል፣ ማለትም ሰው ያልሆነ አሳቢ ፍጡር በሥጋዌ ውስጥ ሳይገባ እንዳለ መጽሐፉ ራሱ ያውቃል። የቫቲካን ኦብዘርቫቶሪ (የከዋክብት መመልከቻ) ሃላፊ የነበሩት የካቶሊኩ ኢየሱሳዊ ቄስ ሆሴ ፉኔስ በ2008 በሰጡት ቃለ ምልልስ ምናልባት እነሱ ከፈጣሪያቸው ጋር ተስማምተው የቀሩ፣ ቤዛ የማያስፈልጋቸው ሊሆኑ ይችላሉ ብለዋል። የኛ ሊቃውንት በዚህ ይስማሙ አይስማሙ ሌላ ነገር ነው፣ መላእክትን ላስተማረ ሰው ግን ሀሳቡ እንግዳ አይሆንበትም።

ጠፈር ላይ እንዴት ይሰገዳል የሚለው ጥያቄ ግን ቀለል ይላል። የማሌዥያ ኡለማዎች በ2007 የአገራቸው ሰው ወደ ጠፈር ጣቢያ ሲሄድ ቂብላን (የስግደት አቅጣጫውን) እንዴት እንደሚያገኝና እንዴት እንደሚሰግድ መመሪያ አውጥተውለታል፣ ካዕባን ካልቻለ ወደ ምድር፣ ያም ካልሆነ ወደተመቸው። በሳይንሱ በኩል ደሞ አሁን ሁሉም የሚጠብቃት የናሳዋ መንኮራኩር ዩሮፓ ክሊፐር ናት፣ ጥቅምት 2024 ተወንጭፋ በ2030 ጁፒተር ትደርሳለች፣ በረዶዋ ስር ውቅያኖስ አላት የምትባለውን የጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓን በአጠገቧ እያለፈች ትቃኛለች፣ አታርፍም፣ ስራዋም ህይወት ማግኘት ሳይሆን ቦታው ለህይወት የሚመች መሆን አለመሆኑን ማየት ነው።